ቤቱም በዕጣ፣ ሰፈሩም በዕጣ

ለብዙ አዲስ አበቤ ቤት መግዛት ማለት ከከተማው ዳር መውጣት ማለት ከሆነ ሰንብቷል። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ለመሆኑ ከዚህ እንዴት ተደረሰ?

የድሮዋ አዲስ አበባ እንዲህ አልነበረችም። መኳንንቱ ግቢያቸውን ሲቆረቁሩ ሎሌውና ባለሙያው ዙሪያቸውን ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው። ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር ኖረ። መሬቱ ግን የጥቂቶች ነበር፤ ብዙው ሰው ጭሰኛና ተከራይ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ገለበጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ተከራይ እፎይ አለ። ነገር ግን ቀበሌ በዚያች ኪራይ ጣሪያ እንኳ መቀየር አቃተው፤ ለማከራየት ቤት የሚሠራም ጠፋ። ልጆች አድገው፣ አግብተው፣ እዚያው ጓዳ ውስጥ ወለዱ።

ደርግ ወደቀ፤ መሬት ግን አልተመለሰም። በ1986 የሊዝ አዋጅ መጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ስለዚህ ቤት ፈላጊ የሚጠብቀው አንድ በር ብቻ ነበር፤ የመንግሥትን በር።

ያ በር በ1997 ተከፈተ። ለኮንዶሚኒየም ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ደግሞ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ የቁጠባ መርሐ ግብሮች መጡ። የ20/80 ተመዝጋቢ 20 በመቶውን ቆጥቦ ይከፍላል፤ ቀሪውን ባንክ ያበድረዋል። ማን ቤት እንደሚያገኝ የሚወስነው ግን ዕጣ ነው። ባዶ መሬት የሚገኘው ዳር ላይ ስለሆነ፣ ዕጣው ሰውን ከሥራው፣ ከልጁ ትምህርት ቤትና ከዕድሩ ነጥሎ ወሰደው።

ቤቱ የራስ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አከራይ ውጡ አይልም። ኑሮው ግን በንጋት የታክሲ ሰልፍ ይጀምራል። አሳንሰር የለም፤ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑ በትከሻ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ጉሊት ቸርችራ የምታድር እናት ደንበኞቿን መሀል ከተማ ጥላ ትመጣለች፤ የባንክ ዕዳው ግን ተከትሏት ይመጣል። ብዙዎች ቤታቸውን አከራይተው ራሳቸው ለሥራቸው ቅርብ በሆነ ቦታ የሚከራዩት ለዚህ ነው።

ዳሩም ባለቤት አልባ አልነበረም። የካቲት 27 ቀን 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ በኮዬ ፈጬ ጉዳይ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። ከእርሻው የተነሣው ገበሬና ዓመታት የቆጠበው ዕድለኛ ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ መሬቱን የወሰደውም ቤቱን የሸጠውም ግን መንግሥት ነበር። በሐምሌ 2014 ደግሞ የ25,791 ቤቶች ዕጣ ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ። ቆጣቢው የሚተማመንበት የዕጣው ሐቀኝነት ራሱ ተናጋ።

በ1967 ቤት ወራሹ መንግሥት ነበር፤ በ1997 ቤት ሻጩም እሱው ሆነ። ገዢው ግድግዳና ጣሪያ አግኝቷል። የት ልኑር የሚለውን ጥያቄ ግን እስካሁን ማንም ጠይቆት አያውቅም።