ዳገትና ማርሽ፦ ከጋፋት እስከ ታጣፊው ብስክሌት

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ አስጓጓዙ። በጋፋት የተሠራው ይህ መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ገደሉ እየተናደ መንገድ ወጣለት፤ ሰውም በገመድ እየጎተተ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ አደረሰው። ዳገቱ የጠየቀው ዋጋ በሰው ክንድ ተከፈለ። የዳገት ዋጋ ምንጊዜም አይቀነስም፤ የሚመረጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው።

ለብስክሌት ይህን ምርጫ የሰጠው ማርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በእንግሊዝ አገር በኋላው ጎማ እምብርት (ሞዞ) ውስጥ የሚቀመጥ ባለ ሦስት ፍጥነት ማርሽ ተፈለሰፈ፤ ስተርሚ አርቸር በሚል ስም ታወቀ። ካቴናን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዘዋውረው ሌላው ዓይነት ግን በቱር ደ ፍራንስ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። የውድድሩ መሥራች፣ ማርሽ መለዋወጥ ዕድሜው ለገፋ እንጂ ለብርቱ ብስክሌተኛ አይገባም ባይ ነበር።

ታጣፊው ብስክሌት በበኩሉ ከጦር ሠራዊት ጋር ያደገ ነው። ሻምበል ዤራር የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ለሠራዊቱ አቀረበው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ አየር ወለዶች ታጠቁት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድሩ ሪቺ በለንደን የቀየሰው ብሮምፕተን ባለ 16 ኢንች ጎማ ነው። ትንሽ ጎማ ዳገት አይችልም የሚለው አስተያየት ግን ስሕተት ነው። የጎማው ዙሪያ በፊትና በኋላ ጥርሶች ንጽጽር ሲባዛ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ የሚሄደው ርቀት ይገኛል። የዚህ ጎማ ዙሪያ 1.3 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በፊት 50፣ በኋላ 13 ጥርስ ቢኖረው 5 ሜትር ይጓዛል። ይህ ለሜዳ ይስማማል።

የደቡብ ጎንደር መሬት ግን ሁለት ጠባይ አለው። ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጣራ ገዳም፣ ወይም በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው ሜዳውንም አቀበቱንም ያገኛል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር፣ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከ1,800 ወደ 2,700 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ የሚመዝን መንገደኛ 72,000 ኪሎግራም ሜትር ሥራ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ላይ በደብረ ታቦር የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ አይሞላም።

ስለዚህ በፊት 40፣ በኋላ 16 ጥርስ ይሻላል፤ ርቀቱ 3.25 ሜትር ይሆናል። ባለ ሦስቱ ማርሽ ዝቅ ሲል ወደ 2.4፣ ከፍ ሲል ወደ 4.3 ሜትር ይለውጠዋል። በደቂቃ 60 ዙር አቀበቱን በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር፣ በደቂቃ 80 ዙር ሜዳውን 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በቁልቁለቱ ፔዳሉ ሥራ ይፈታል፤ እዚያ የሚፈለገው ፍሬን ነው።

በዚህ አገር ታጣፊ ብስክሌት የሚገዛ ሰው እንግዲህ ከቀለሙና ከክብደቱ አስቀድሞ ጥርሱን ይቁጠር። ያልቆጠረ ዳገቱ ሥር ወርዶ ይገፋዋል።