እንጅባራ ላይ ጌጁ 29 አይገባም፦ የመኪና ኤሲ ስትሠሩ ስለ ቫኪዩም ፓምፕ ማወቅ ያለባችሁ

"እንጅባራ ብርድ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርጋል?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ወደ ቻግኒ፣ ወደ ጃዊ ወይም ወደ መተከል ቆላ የሚወርድ ሾፌር ግን መልሱን ያውቀዋል። በክረምትም ጉም የያዘውን የፊት መስታወት ቶሎ የሚያጠራው ኤሲ ነው፤ አየሩን ያደርቀዋል። ዛሬ ኤሲ ሲሠራ ብዙ ስህተት የሚፈጠርበትን አንድ ዕቃ እናያለን፦ ቫኪዩም ፓምፕ።

🔹 ፓምፑ ምን ይሠራል?

ኤሲ ተፈቶ ሲገጠም መስመሩ ውስጥ አየርና እርጥበት ይገባል። እርጥበቱ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራል፣ ኮምፕረሰሩን ይበላዋል። በረዶ ሠርቶም መስመር ሊዘጋ ይችላል። ፓምፑ አየሩን ስቦ ግፊቱን በጣም ሲያወርደው ውሃው ሳይሞቅ ይፈላና በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም፦ እንጅባራ ላይ ድስት የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ነው። ግፊት ሲቀንስ መፍያው ይወርዳል።

🔹 29 የሚባለው ቁጥር የማን ነው?

ቪዲዮ ላይ "ጌጁ 29 እስኪገባ ጠብቁ" ሲባል ትሰማላችሁ። ይሄ ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው። ሰማያዊው ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው፤ ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ንባቡ በግምት 1 ኢንች ሜርኩሪ ይቀንሳል። ፓምፑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከፍተኛው ንባብ በግምት ይሄ ነው፦

▪️ ባሕር ዳር (1,800 ሜትር ገደማ)፦ 24
▪️ ዳንግላ (2,140 ሜትር ገደማ)፦ 23
▪️ እንጅባራ (2,560 ሜትር ገደማ)፦ 22

እንጅባራ ላይ 29 የሚጠብቅ ሰው ፓምፑን በከንቱ ያስለፋል፤ ወይም የሌለ ሊኬጅ እየፈለገ ደህናውን ዕቃ ይፈታል። ወጪው የባለመኪናው ነው። ማይክሮን ጌጅ ካላችሁ ግን ከፍታ አያሳስባችሁም፤ ከ500 ማይክሮን በታች መውረዱ የትም ቦታ ጥሩ ምልክት ነው።

🔹 ከመጀመራችሁ በፊት

1. መስመሩ ውስጥ ጋዝ እያለ ፓምፑን አትሰኩ። አር-134ኤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ወደ 70 ፒኤስአይ ግፊት አለው፤ ፓምፑን ይጎዳል፣ ዘይቱን ይረጨዋል። መጀመሪያ ጋዙ በመሰብሰቢያ ማሽን ወደ ሲሊንደር ይገባል። አየር ላይ መልቀቅ አይገባም፦ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ አየር ንብረትን ያሞቃል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኪጋሊ ማሻሻያ እንዲቀነስ ከሚላቸው ጋዞችም አንዱ ነው።
2. መነጽርና ጓንት አድርጉ። ፈሳሹ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ዓይንና ቆዳን በቅዝቃዜ ያቃጥላል።
3. በርና መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል አስወጡ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ያፍናል። እሳት ሲያገኘው ደግሞ መርዛማ ጭስ ይሆናል።
4. የፓምፑን ዘይት እዩ። ከደፈረሰ ቀይሩት። የሞተር ዘይት አይሆንም፤ የራሱ የቫኪዩም ፓምፕ ዘይት አለው።
5. መኪናው ኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ ከሆነ ብርቱካናማ ገመዶቹን አትንኩ። የኤሲው ኮምፕረሰር የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ለሰለጠነ ሰው ተዉት።

🔹 ፓምፑ ሲሠራ

ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ መስመሩ ክፍት ከቆየ ደግሞ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሳብ። በብርድ ጠዋት ውሃው በቀላሉ አይተንም፤ ሞተሩን አስነስታችሁ አካባቢውን አሙቁ፣ ሞተሩን አጥፉና ጀምሩ። ቫኪዩም ላይ እያለ ኤሲውን በፍጹም አታብሩ፣ ኮምፕረሰሩ ሊበላሽ ይችላል።

መብራት ቢጠፋስ? መስመሩ የፓምፑን ዘይት ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል። ማገጃ ቫልቭ ያለው ፓምፕ ምረጡ፤ ከሌለው አጠገቡ ሁኑና መብራት እንደጠፋ የማኒፎልዱን ቫልቭ ዝጉ። ስትጨርሱም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ መጀመሪያ ቫልቭ፣ ከዚያ ፓምፕ።

🔹 መጨረሻ ላይ

ቫልቮቹን ዘግታችሁ 15 ደቂቃ ጌጁን ተመልከቱ። ቀስቱ ከቆመበት ካልተነቃነቀ ጋዝ መሙላት ይቻላል። ወደ ዜሮ እየተመለሰ ከሆነ ሊኬጅ ወይም ያልወጣ እርጥበት አለ። ሊኬጅ ለመፈለግ በሬጉሌተር የተቀነሰ ናይትሮጅን ተጠቀሙ። ኦክስጅን ግን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ በጭራሽ እንዳትሞክሩት!

ባለመኪና ከሆናችሁም ጋራዥ ስትሄዱ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ "ስንት ደቂቃ ተሳበ?" "ቫልቩ ተዘግቶ ጌጁ ቆመ?" 22 ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ለእንጅባራ ሙሉ ነው።

ለምታውቁት የጋራዥ ልጅ ሼር አድርጉለት።