ኩሽኔታ፦ ከቤተ መንግሥት ያልወጣው የመኪና ታሪካችን

የመኪና ታሪካችን ሲነሳ ወሬው ከቤተ መንግሥት አይወጣም። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና አመጣ፤ በቃ፣ እዚያው ያልቃል። ልጆች በእጃቸው ስለሠሯት መኪና ብዙም የጻፈ የለም።

ፍንጩ ያለው ከመንገዱ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩትን ዋሻ ያልፋል፤ ወደ መንዝ፣ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚገነጠለውም ከዚያው አካባቢ ነው። ጣሊያኖቹ መንገዱን ብቻ ሳይሆን የጋራዥ ቋንቋቸውንም ትተው ሄዱ። ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ ከነሱ የቀሩ ናቸው። ኩሽኔታም እንዲሁ፤ በአገሩ ቋንቋ "ትንሽ ትራስ" ማለት ነው። ብረት ትራስ መባሉ ያስቃል እንጂ ሥራውስ ያው ነው፤ ዘንጉ ተደላድሎ እንዲሽከረከር ይደግፈዋል።

ያረጀው ኩሽኔታ ከጋራዥ ሲጣል፣ በደብረ ብርሃንም ይሁን በአዲስ አበባ፣ ልጆች ያነሡታል። አንድ ጣውላ፣ ሁለት አግዳሚ እንጨት፣ አራት ኩሽኔታ። የፊተኛው አግዳሚ መሐሉ ላይ በአንድ ቡሎን ይታሰርና ግራና ቀኙ በገመድ ይሳባል፤ መሪ ማለት ይኸው ነው። ፍሬኑ የጫማ ሶል፣ ሞተሩ ቁልቁለቱ።

አሜሪካ ውስጥ ጎልማሶች የድሮ ውድድር መኪና የምትመስል ትንሽ መኪና በሞፔድ ጎማና በአነስተኛ ሞተር ራሳቸው ሠርተው ይነዳሉ። ሳይክልካርት ይሏታል፤ ደንብም ውድድርም አላት። የእኛዋ "የልጅ ጨዋታ" ተብላ ታለፈች። በአንድ ቡሎን ላይ የሚዞር የፊት አግዳሚ ግን ፈረስ የሚጎትተው ሰረገላ የሚታጠፍበት ዘዴ ነው። ያንን ለልጆቹ ያሳያቸው መጽሐፍ አይደለም፤ የሰፈር ታላቅ ነው።