የካርቦን ፍሬም
የካርቦን ፍሬም በሙጫ ከተያያዘ የካርቦን ክር የሚሠራ፣ በትራያትሎን ብስክሌቶች የተለመደ ቀላል የብስክሌት አካል ነው። ክሩ በርዝመቱ ሲሳብ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ቱቦው ከጎን ሲጨመቅ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ለጥገና ሲሰቀል በቱቦው ተቆንጥጦ መያዝ የለበትም።

ኮርቻውን በአሽከርካሪው ቁመት ልክ ሲያስተካክሉ ዘንጉ ከተሠራበት የመጨረሻ ምልክት በላይ አይወጣም። ብሎኑ ኃይልን በሚለካ መፍቻ ይጠብቃል፤ ልኩ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ትክክለኛውን የሚወስነው አምራቹ ነው። ዘንጉ ሲንሸራተት ብሎኑን አብዝቶ ማጥበቅ ፍሬሙን ይሰብራል፤ የሚሻለው በግራሶ ፋንታ ደቃቅ ሻካራ ቅንጣት ያለውን የካርቦን ቅባት መቀባት ነው።

ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፤ ካርቦን ግን ሳያስጠነቅቅ ሊሰበር ይችላል። ስንጥቁም ከቀለም ሥር ይደበቃል። የወደቀ ፍሬም በሳንቲም ሲመታ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ፣ የአይረንማን 180 ኪሎ ሜትር ቀርቶ ለሰፈር መንገድም ባለሙያ ሳያየው አይነዳም። ጥርት ያለ ድምፅም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም።