ምርጫን በሁኔታዊ ዓረፍተ ነገር መግለጽ (እንግሊዝኛ)

በእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ተናጋሪው የሚሻለውን በ«ውድ» ረዳት ግስና በ«ኢፍ» ሐረግ የሚያመለክትበት አነጋገር። ዋናው ቅርጽ «ውድ ፕሪፈር ኢት ኢፍ» ሲሆን፣ የሐረጉ ግስ ስለ ነገ ቢነገርም በኃላፊ ጊዜ ይቀመጣል። ከመካነ ሰላም ደሴ ሊሄድ የተነሣን ወዳጅ «ነገ ብትሄድ እመርጣለሁ» ለማለት «አይድ ፕሪፈር ኢት ኢፍ ዩ ዌንት ቱሞሮው» ይባላል። «ዌንት» እዚህ ጊዜን አያሳይም፤ ምርጫውን ከትእዛዝ አርቆ ያለሰልሳል። አማርኛው «ብትሄድ» ያልተፈጸመ ድርጊት ስለሆነ ተማሪው «ኢፍ ዩ ጎ» ማለት ይቀናዋል።

«ውድ ራዘር» ያለ «ኢፍ» ይሠራል። ባለቤቱ ሌላ ሲሆን ኃላፊ ግስ ይከተለዋል፦ «አይድ ራዘር ዩ ዌንት»። ባለቤቱ ራሱ ተናጋሪው ከሆነ ግን ግሱ ሳይለወጥ ይገባል፦ «አይድ ራዘር ጎ»። ላለፈ ነገር «ሃድ ጎን» ይገባል፤ አማርኛው «ሄደህ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር» እንደሚለው።

በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ ይህ የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት ለደቡብ ወሎዎቹ ወረዳዎች ለቦረና፣ ለወግዲና ለለጋምቦ ተማሪዎች፣ ለመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ካምፓስም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።