የነጩ ቀለም ነውርና የውሃ ማጥራት ታሪክ

በብርሃን ኃይል የተበከለ ውሃን የማጥራት ጥናት ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከ1972 ዓ.ም. ይጀመራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ጃፓናውያኑ አኪራ ፉጂሺማና ኬንኢቺ ሆንዳ፣ ብርሃን ባረፈበት የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድ አማካይነት ውሃን ወደ ኦክሲጅንና ወደ ሃይድሮጅን መክፈል እንደሚቻል «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አስታወቁ። የሥራው ታላቅነት አይካድም። ዳሩ ግን ታሪኩን ከዚያ መጀመር ትክክል አይመስለንም።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አስቀድሞ የታወቀው በቀለም ሠሪዎች ዘንድ ነው። ከ1910ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህ ነጭ ዱቄት በኖርዌይና በአሜሪካ ለንግድ ይመረት ነበር። መርዛም በሆነው የእርሳስ ነጭ ቀለም ፈንታ ስለ ገባም ተወደደ። ነገር ግን አንድ ነውር ተገኘበት፤ ይኸውም ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ከጊዜ በኋላ ላዩ እንደ ኖራ እየተፈረፈረ በእጅ ሲነኩት ይራገፍ ጀመር። ዱቄቱ ብርሃን ሲያርፍበት፣ እርሱ ራሱ ሳይጎዳ፣ አጣብቆ የያዘውን ዘይት ይበላው ነበርና። በ1938 ዓ.ም. ጉዲቭና ኪችነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ይህንኑ መረመሩ፤ ዱቄቱ በብርሃን ኃይል የማቅለሚያን ቀለም እንደሚያጠፋ፣ እርሱ ግን እንደማይለወጥ ጻፉ። ይህ የካታሊስት ጠባይ ነው። ሆኖም ቀለም ሠሪዎች የሚሹት ነውሩን ማጥፋት እንጂ በእርሱ መጠቀም ስላልነበረ፣ ዱቄቱን በሲሊካና በአሉሚና እየሸፈኑ ጠባዩን አስተኙት።

ፉጂሺማ በ1967 ዓ.ም. ከኤሌክትሮዱ ላይ የጋዝ አረፋ ሲወጣ ያየው ገና በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው (ይህን ተማሪ የሆነ ሁሉ ልብ ይበለው)። የ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ዘይት ችግር በመጣ ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ከውሃ ሃይድሮጅን ለማውጣት ተሽቀዳደሙ፤ የሚገኘው ጋዝ ግን ጥቂት ነበር። ውሃን ወደ ማጥራት ያዞሩት ሌሎች ናቸው። በ1976 ዓ.ም. ኬሪና ባልደረቦቹ በካናዳ፣ ፒ ሲ ቢ ከሚባሉት መርዛም ውሑዶች ክሎሪኑን በዚሁ ዱቄት ለመለየት ቻሉ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ፍራንክና ባርድ በቴክሳስ በውሃ ውስጥ ያለ ሲያናይድን በብርሃን ለወጡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃኑ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮን ከስፍራው ሲያነሣ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ባዶው ቦታም ከውሃው ኤሌክትሮን ነጥቆ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለውን እጅግ አጥቂ ቅንጣት ያስገኛል። ይህ በዱቄቱ ገጽ ላይ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ቅንጣቶቹ ወደ 20 ናኖሜትር ያህል ሲያንሱ የሚሠራው ገጽ በብዙ ይሰፋል።

ሁለት እንቅፋቶች ግን ቀርተዋል። ዱቄቱ የሚቀበለው ከ400 ናኖሜትር ያነሰውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ይህም ከፀሐይ ኃይል ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. አሳሂና ባልደረቦቹ ናይትሮጅን ቀላቅለውበት በሚታየው ብርሃን እንዲሠራ ቢያደርጉም ድካሙ እስካሁን አላለቀም። ሁለተኛው እንቅፋት ከደቃቅነቱ የመጣ ነው፤ ውሃው ከጠራ በኋላ ዱቄቱን ራሱን ከውሃው አጣርቶ ማውጣት ያስፈልጋልና።