ቮልስ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል? አሮጌ መኪናን ጀልባ ስለማድረግ ማወቅ ያለባችሁ

ክረምት ሲገባ ከሚዛን ተፈሪ ወይ ከቴፒ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ቡና ቀበሌዎች የሚገባ ሰው አንድ ጥያቄ አብሮት ይጓዛል፦ ወንዙ ያሳልፍ ይሆን? ደቡብ ምዕራብ በሀገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በቆላው በኩል የቡና ለቀማ የሚጀመረው ደግሞ ዝናቡ ጨርሶ ሳያበቃ ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደ ጀልባ ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልካችሁ ስታዩ «ይሄ ለእኛ ነበር!» ማለታችሁ አይቀርም።

ነገሩ ተረት አይደለም፣ ይቻላል። ግን ሂሳብ አለው። ሂሳቡን ሳያውቁ መግባት ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል። እስቲ ከመጀመሪያው እንየው።

ለምን ቮልስ?

ቮልስዋገን ቢትል፣ እኛ በቃ «ቮልስ» የምንላት፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በኢትዮጵያም ታሪክ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያስወጣቸው በቮልስ ነበር።

ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ራዲያተር የለውም፣ ውሃ አይሞላም። በቺንጋ የሚዞር ቬንትሌተር አየር እየሳበ ሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል። ከፊት ለራዲያተር አየር ማስገቢያ ክፍት ቦታ ስለማያስፈልግ አፍንጫዋን መድፈን ይቻላል። ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው፣ የጀልባ ፕሮፔለርም የሚቀመጠው ከኋላ ነው። ከሥር ደግሞ ወለሏ ጠፍጣፋ ላሜራ ነው። ኩባንያው ራሱ በድሮ ማስታወቂያው ቮልስ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ አሳይቷል። ግን የተንሳፈፈችው ለጥቂት ጊዜ ነው። ሳትሠራ ብትገባ ውሃው ቀስ እያለ ይገባና ትሰጥማለች።

መጀመሪያ የሠሩት

በአየር የሚቀዘቅዝ የቮልስ ሞተር ይዞ ውሃ ላይ የሚሄድ መኪና በብዛት የተመረተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ሽቪምቫገን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1944 ለጀርመን ጦር ከ14 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ጉልበቱ 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። በየብስ በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር፣ በውሃ ላይ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፕሮፔለሩ ከኋላ ወደ ታች ተጥሎ በቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ይያያዛል። መሪ የሚሆኑት የፊት ጎማዎቹ ናቸው። ፕሮፔለሩ ወደ ፊት ብቻ ስለሚገፋ ውስጥ መቅዘፊያ ይያዝ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አምፊካር የሚባል የሲቪል መኪና መጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አንድ ነበራቸው። እንግዳ አሳፍረው «ፍሬን እምቢ አለኝ!» እያሉ ሐይቅ ውስጥ በመግባት ያስደነግጡ ነበር። የተመረተው ግን 4 ሺህ እንኳ አልሞላም።

በቤት የተሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኩባውያን የ1951 ሞዴል ሸቭሮሌት ጭነት መኪና በባዶ በርሜሎች ላይ አስረው፣ ፕሮፔለር ገጥመው ወደ ፍሎሪዳ ተጓዙ። መኪናው ባሕሩን ይዞ ሲሄድ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መንገድ ላይ አስቆማቸው፣ ሰዎቹን ወደ ኩባ መለሰ፣ መኪናውንም አሰጠመው።

ሂሳቡ በጀሪካን

ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን ዘግታችሁ ውሃ ውስጥ ለማስጠም ሞክሩ። ወደ 20 ኪሎ በሚሆን ጉልበት ወደ ላይ ይገፋችኋል። ሕጉ ይሄው ነው፦ አንድ ነገር የገፋውን ውሃ ክብደት ያህል ይነሳል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በባሮ ወንዝ ላይ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ታንኳም የሚንሳፈፈው በዚሁ ሕግ ነው።

አሁን ቮልስን እናስላ። ባዶዋን ወደ 800 ኪሎ ትመዝናለች። ሁለት ሰው 140 ኪሎ፣ የሚጨመረው ብረትና ቤንዚን 100 ኪሎ እንበል። ድምሩ 1,040 ኪሎ ነው።

ባለ 200 ሊትር የብረት በርሜል ራሱ ወደ 20 ኪሎ ስለሚመዝን የሚያነሳው 180 ኪሎ ነው። 6 በርሜል 1,080 ኪሎ ያነሳል። የተረፈው 40 ኪሎ ብቻ ነው፣ አንድ ልጅ ቢጨመር አለቀ። 8 በርሜል ግን 1,440 ኪሎ ስለሚያነሳ 400 ኪሎ መጠባበቂያ ይኖራል፣ ከበርሜሎቹም ሩብ ያህሉ ከውሃ በላይ ይቀራል። የቮልስ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያደላ 5ቱን ወደ ኋላ፣ 3ቱን ወደ ፊት ማድረግ ነው። እኩል ከተከፋፈለ ቂጧ ትጠልቅና ውሃ በሞተሩ በኩል ይገባል።

ውሃ የሚገባው የት ነው?

በበር ብቻ አይደለም። ቮልስ ላይ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• የማሞቂያ ቱቦዎቹ። የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጡት በበሩ ሥር ባለው ክፍት ብረት ውስጥ አልፈው ነው። እሱ ከዛገ ውሃው ሳይታይ ይገባል።
• የፔዳል፣ የማርሽና የኬብል ቀዳዳዎች።
• ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ላይ ያሉ ጎሚኒዎች። ከተሰነጠቁ ውሃ ከካምቢዮ ዘይት ጋር ይቀላቀላል።
• በሮቹ። ብዙ ሠሪዎች በሩን በብየዳ ዘግተው ከላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

ስቱኮ ቀዳዳ አይደፍንም። ላሜራው ሲርገበገብ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ቀዳዳ በላሜራና በብየዳ ነው የሚደፈነው። ባዶ ቦታዎችን ከቴሌቪዥን ካርቶን በሚወጣው ነጭ ፎም መሙላት ጥሩ ነው፣ ውሃ ቢገባም ያነሳል። ግን ቤንዚን ሲነካው ይሟሟል፣ ከታንኩ አርቁት።

ለሞተሩ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ማርሚታው ከውሃው በላይ ወደ ላይ መውጣት አለበት። የቬንትሌተሩ አየር መሳቢያም ከፍ ማለት አለበት፣ ውሃ ከሳበ የጋለ ሲሊንደር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል፣ ብረቱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቦቢናና ዲስትሪቡተር ከረጠቡ ደግሞ ሞተሩ መሃል ወንዝ ላይ ይጠፋል።

ወንዝ ሐይቅ አይደለም

ቪዲዮዎቹ ብዙ ጊዜ የሚቀረጹት በረጋ ውሃ ላይ ነው። የሞላ ወንዝ ሌላ ነገር ነው። ስፋቱ 40 ሜትር የሆነ፣ በሰከንድ 2 ሜትር የሚፈስ ወንዝ ውሰዱ። እንደ ሽቪምቫገን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ በ14 ሰከንድ ትሻገራላችሁ፣ ወንዙ ግን ወደ 30 ሜትር ይወስዳችኋል። ቤት ውስጥ የተሠራችው መኪናችሁ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ከሆነች 36 ሰከንድ ይፈጃል፣ 72 ሜትር ትወሰዳላችሁ። እዚያ መውጫ መንገድ የለም። ያለው ገደል፣ ድንጋይና የተጋደመ ዛፍ ነው። ፕሮፔለር ሳይኖር በጎማ መሽከርከር ብቻ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ፍጥነት ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ቮልስን የሚያንሳፍፈው ሕግ የእናንተንም መኪና ያነሳል። ወለሉ 4.5 ካሬ ሜትር የሆነ መኪና ከወለሉ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲደርስበት ወደ 450 ኪሎ ክብደት ከጎማው ላይ ይነሳል። 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 900 ኪሎ። ጎማው መሬት መያዝ ያቆማል፣ ወንዙ ይገፋዋል። ሹፌሩ ግን ገና «ውሃው እኮ ትንሽ ነው» እያለ ነው። ባጃጅ ከዚህም ይቀላል።

መሞከር የፈለገ

በሀገራችን በቤቱ የሚሠራ ሰው ብርቅ አይደለም። የጤና ባለሙያው አስመላሽ ዘፈሩ በ2007 ዓ.ም. በራሱ እጅ የሠራውን አውሮፕላን ለማብረር ሲሞክር ሞተሩ የአሮጌ ቮልስ ነበር። የመጀመሪያ ሙከራው ባይሳካም ድፍረቱ ብዙ ወጣት አነሳስቷል። ውሃ ላይም ድፍረት ያለው ሰው ይህን ያስቀድም፦

1. ከ1 ሜትር በማይበልጥ የረጋ ኩሬ ጀምሩ፣ ወንዝ አይደለም።
2. መጀመሪያ ሰው አይግባባት። 7 ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ጫኑባት፣ የሁለት ሰው ክብደት ነው።
3. በገመድ አስራችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉአትና የገባውን ውሃ ለኩ።
4. ሰው ሲገባ የዋና ጃኬት የግድ ነው። ቀበቶ አትታሰሩ፣ መስኮት ክፍት ይሁን።
5. ውሃ የሚያወጣ ፓምፕና ባልዲ ያዙ።

ድሮ የእኛ ምዕራብ ቡና በውሃ ይጓዝ ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም በሶባትና በባሮ እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። የሚመጡት ግን ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነው። ወንዙ ሲጎድል ይጠብቁ ነበር።

የእኛ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፦ ወንዙ ሲሞላ መጠበቅ። የደራሽ ውሃ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። የሚያሻግር መኪና እስክትሠሩ ድረስ ዳር ላይ ቆማችሁ ቡና ጠጡ። ለሹፌር ጓደኛችሁም ይህን ሼር አድርጉለት።